ዘበኛው ሳይቆም የተከፈተው በር

ሚቱናም ወር፣ ቀን 4

ቁልፌን ወሰዱብኝ። የወሰዱብኝም ቫላምን አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ዓይኔን ልታከም ሆስፒታል በተኛሁበት ቀን።

ቫላምን የጀመርኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን መስመር ከሬድዮ ጥገና ሱቄ ጓዳ ተቀምጬ ስጽፍ ከእነሱ አንዱም አልነበረም። ቫላም፣ በማላያላም ታንኳ፣ ብዬ ስም ያወጣሁለትም እኔ ነኝ፤ እንደኛ ውሃ ለበዛበት አገር ከዚህ የተሻለ ስም የለም። ዛሬ የየመንደሩ የወተት ማኅበር፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ጤና ጣቢያው ሳይቀር ሰርቨሩን የሚያስነሳው በዚህ ስርዓተ ክወና ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ይቀዳዋል፣ ማንም ማስተካከያ ይልካል። ወደ ዋናው የኮድ ማከማቻ ማስገባት የሚችለው ግን ቁልፍ ያለው ብቻ ነው። እኔ ከአሁን ወዲያ የለኝም።

መልእክቱን የጻፈችው ራዚያ ናት፤ ኮዚኮድ ከተማ ሆና ዋናውን ማከማቻ ከእኔ ጋር የምትጠብቀው። "ማሼ፣ ቁልፍዎን ለጊዜው ይዘነዋል። ይቅር ይበሉን።" ለጊዜው! መምህራችን ብለው "ማሼ" ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች መምህራቸውን ደጅ አስቀሩት።

ምክንያታቸው የራስህን ማስተካከያ ራስህ አስገባህ የሚል ነው። አስገብቻለሁ። ደንቡ ማንም የራሱን አያጽድቅ፣ ሌላ ሰው አንብቦ ይፈርምበት ይላል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ለማን እንደጻፍኩት አውቃለሁ። ለጀማሪዎች ነው። ከሦስት ወር በፊት፣ በሚናም ወር፣ ሰርቨሩ ሲነሳ የሚፈጅበትን ጊዜ በግማሽ ያሳጠርኩት ማን ሆነና? ያን ጊዜም ራዚያ አነበዋለሁ እያለች አቆየችኝ፤ ከዚያ አንድ የማይረባ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ራሴ አስገባሁት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጥያቄዋ ምን እንደነበረ እንኳ አላስታውስም።


ሚቱናም 6

ግራ ዓይኔ ታሽጓል። በቀኙ ነው የምጽፈው። መስመሩ ቢጣመም ጥፋቱ የሐኪሙ ነው።

ኪቦርዴ ጠፋ።

"ማዳቪ፣ ኪቦርዱ የት ነው?"

"የቱ ኪቦርድ?"

"ስንት ኪቦርድ አለኝ?"

"አንቱ ሰው፣ ሐኪሙ ስክሪን አይዩ ነው ያለው። ስክሪኑ ይኸው ቁጭ ብሏል። እኔ ምን አደረግኩ?"

ባለቤቴ እንዲህ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ሩዝ ልትሰፍር ማሰሮውን ስትከፍት የኪቦርዱ ገመድ እንደ እባብ ጅራት ብቅ አለ። ጮኽኩባት። እሷ ሩዟን ሰፍራ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ባልጮህባት ይሻል ነበር።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "እሺ ልጄ። አዎ፣ እስኪድኑ ድረስ ብቻ። የለም፣ አልነገርኳቸውም፤ ብነግራቸው ጣራውን ያነሱታል።" ማን ነው? አልኳት። "የእህቴ ልጅ ናት፣ ስለ አማቷ ጉልበት ነው" አለችኝ። ስለ ጉልበት ተነግሮት ጣራ የሚያነሳ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አልገባኝም።


ሚቱናም 11

ማሸጊያው ተነሳ!

የዓይን አዋጅ ሆነብኝ። ሰማያዊ እንዲህ ነበር እንዴ? ጎረቤት የተሰጣውን ጨርቅ ቆሜ ሳየው የቤቱ ባለቤት "ምነው ማሼ፣ ደህና ነዎት?" አለኝ። ደህና ነኝ! ሙዝ ቅጠሉ ላይ ጠብታው ሲንከባለል ከዚህ ከወንበሬ ይታየኛል። ማዳቪ ሻይ ይዛ ስትመጣ ደግሞ ፀጉሯን አየሁት።

"መች ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"እርስዎ ኮድ ሲጽፉ" አለችኝ።

ሻዩን እንደያዝኩ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ዜሮው ዜሮ ነው፣ ስምንቱም ስምንት ነው! ነጥቡና ሰረዙ ለየብቻ ቆመዋል። እስከ ዛሬ የተመሳሰሉብኝ የፊደሉ ቅርጽ መጥፎ ሆኖ መስሎኝ ቅርጽ ስቀያይር ነው የከረምኩት። ሐኪሙ የዓይንዎ ሞራ መች ጀመረ ሲለኝ በቅርቡ ነው ብዬው ነበር። በቅርቡ ነው።

ዛሬ ወስኛለሁ። ቁልፍ ማጣት የሚያግደኝ ከእነሱ ማከማቻ ነው፤ ከኮዱ ማንም አያግደኝም። ሙሉውን ቀድቼ በራሴ መንገድ እሄዳለሁ። ስሙንም አውጥቻለሁ፦ ቱዛ፣ መቅዘፊያ። ታንኳ ያለ መቅዘፊያ የት እንደሚደርስ እናያለን!


ሚቱናም 13

ለሁሉም በሚደርሰው የጋራ ኢሜይል አስታወቅኩ። አጭር አደረግኩት። ሁለት ሦስት ሰው ቀለደ። ራዚያ "መልካም መንገድ ማሼ። ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎ?" ብላ ጻፈች።

ስለ ዓይኔ ማን ነገራት?

ሻይ ቤት ቫርኪ ጠበቀኝ። የከተማችን የወተት ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ የማኅበሩን ሰርቨር የተከልኩለት እኔ ነኝ፤ ምላሱን ግን የሠራለት ሌላ ነው።

"ማሼ፣ ታንኳው ከነተሳፋሪው ሄዶ መቅዘፊያው እርስዎ ጋ ቀረ አሉ?"

"መቅዘፊያ የያዘ ይደርሳል።"

"ውሃ ላይ ከሆነ አዎ። እርስዎ ግን ሻይ ቤት ነው ያሉት።"

የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን እኔም ሳቄ መጣ። ማንም አላየኝም።


ሚቱናም 21

እንዲህ ደስ ብሎኝ የሠራሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ዶሮ ሳይጮህ እነሳለሁ፤ ማዳቪ ቁርስ ስትጠራኝ ግማሽ ቀን ያለፈ ይመስለኛል። የቫላምን ኮድ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ በአዲስ ዓይን እያነበብኩት ነው። የገዛ ቤቱን ሌላ ሰው መብራት ይዞለት እንደሚዞር ሰው ሆኛለሁ። ይሄ ግድግዳ እዚህ ምን ይሠራል? ይህን መስኮት ማን ደፈነው?

ዲስኩ ሲሞላ ድምፅ ሳያሰማ ይሞት የነበረው ክፍል አሁን ገና ሳይሞላ ይጮኻል። በማላያላም ፊደል የተሰየሙ ፋይሎች ምትኬ ሲወሰድላቸው ስማቸው ይበላሽ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ሲያማርሩ ስንት ጊዜ ሰማን፣ ሰምተንም አሳደርነው። ዛሬ ከሰዓት በፊት አስተካከልኩት። ማንም የማይጠቀምበትን አንድ ትልቅ የሞተ ክፍል ደግሞ ቆርጬ ጣልኩ፤ የቱዛ ሆድ ቀለለ። ተነስቼ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ማዳቪ በበሩ ብቅ ብላ "ምን አገኙ?" አለችኝ። "ሁሉንም!" አልኳት።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ቱዛን ስቀዳ ደንቡንም አብሬ ቀድቼዋለሁ፤ ያለ ሁለተኛ ሰው ፊርማ ምንም አይገባም። ስለዚህ ያን ሁሉ ሠርቼ አንዱም አልገባም፤ በር ላይ ተሰልፏል። ደንቡን አውጥቼ መጣል እችላለሁ፤ ቱዛ የእኔ ነው። አልጥለውም። ብጥለው "ይኸው፣ አላልናችሁም?" ሊሉ ነው። እንዲያውም አጠበቅኩት።


ሚቱናም 28

ቫርኪን ቢሮው ሄጄ አገኘሁት።

"አንድ ነገር ፈርምልኝ።"

"ቤትዎን ሊያወርሱኝ ነው?"

"ኮድ ነው። አንብበህ ትፈርማለህ።"

"አምጡት፣ ልፈርም።"

"መጀመሪያ አንብበው!"

"ማሼ፣ እርስዎ ከጻፉት ልክ ነው። ምኑን ነው የማነበው?"

"ልክ ነው ብሎ የሚጀምር ሰው መፈረም አይችልም። ሳያነቡ መፈረም ከሌብነት አይለይም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚፈርመው? ተሳስተዋል የሚልዎት ሰው?"

"አዎ።"

"እሱንማ በዚህ ከተማ አያገኙም። ሁላችንም እንፈራዎታለን።"

ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ። ተሳስተዋል ስትል የማትፈራኝ አንዲት ሰው አውቃለሁ። እሷ ያለችው ኮዚኮድ ነው፤ ቁልፌንም የያዘችው እሷ ናት።


ካርኪዳካም 2

ዝናብ። ወሩ የዝናብ ወር ነው፤ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። ማዳቪ በዚህ ወር የሚጠጣውን መራራ አጥሚት ቀቀለች። ይጠጡ፣ አጥንት ያጠነክራል አለች። አጥንቴ ምን ሆነ? ግማሹን ተውኩት። ሥራው አሁንም በር ላይ እንደተሰለፈ ነው። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው?


ካርኪዳካም 5

ጠዋት ቫርኪ ደወለ። ከኋላው ሰው ይጮኻል፣ የወተት ጣሳ ይንኳኳል።

"ማሼ፣ ማሽኑ ጋኔን ገብቶበታል። ቄስ ልጥራ ወይስ እርስዎን?"

"ምን ይሆናል?"

"ማራገቢያው ብቻ ያጓራል። የወተት መመዝገቢያው ቀጥ ብሏል። ገበሬው ዝናብ ላይ ተሰልፎ እኔን በአባቴ ስም እየጠራ ይሰድበኛል። ወተቱ ከኮመጠጠ እኔን ነው የሚጠጡኝ!"

ጨርቄን ማቄን ሳልል ሄድኩ። መንገዱ ውሃ ስለሞላው ግማሹን በእግሬ ነው የሄድኩት። ስደርስ ማሽኑ ከማላውቀው አገር ለማላውቀው አገር ቆሻሻ ኢሜይል ይልካል። ሰው ገብቶበታል። የኢንተርኔት ገመዱን ነቅዬ አጸዳሁት፣ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ቀየርኩ፣ ገመዱን መለስኩ። መዝገቡ ሠራ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ቫርኪ ካሳቫና ዓሣ አስመጣልኝ። ገና ስጎርስ መብራት ሄደ። መጣ። ማሽኑ ተነሳ። ማራገቢያው እንደገና ማጓራት ጀመረ።

ያው ሌባ ነው። አዲሱን የይለፍ ቃል ከቫርኪና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እንግዲህ በይለፍ ቃል አይደለም የገባው።

እጄን ሳልታጠብ ተነሳሁ። ደሜ ሞቀ። ይሄን የመሰለ ነገር ካየሁ ስንት ዘመኔ!


ካርኪዳካም 6

አገኘሁት! አገኘሁት! ቫርኪን አቅፌ አሽከረከርኩት፤ "ማሼ፣ ወገቤ!" አለ።

ነገሩ ይህ ነው። ማሽኑ ሲነሳ የሚያደርገውን ሁሉ በየመስመሩ ስክሪኑ ላይ ያሳልፋል። መስመሮቹ ይሮጣሉ፤ ድሮ ለእኔ ነጭ ጭረት ነበሩ። ዛሬ ቫርኪን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አቆምኩት፤ አጥፋ፣ አብራ፣ አጥፋ፣ አብራ እያልኩ ዓይኔን ሳልነቅል አነበብኩ። አየሁት። የኢንተርኔቱ በር ይከፈታል፤ ከውጭ የሚመጣውን እየመረመረ የሚያስገባውና የሚመልሰው ዘበኛ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ዓይን ቢርገበገብ ያልፋል። በር ላይ ሌት ተቀን ለሚያንኳኳ ሌባ ግን ይበቃዋል። አንዴ ከገባ ደግሞ ዘበኛው አይነካውም፤ ዘበኛ የሚመረምረው የሚገባውን ነው፣ የገባውን አይደለም።

በበጋ ማሽን በወር አንዴ ቢጠፋ ነው። በካርኪዳካም ግን መብራት በቀን ስንት ጊዜ ይሄዳል? በሄደና በመጣ ቁጥር በየመንደሩ፣ ቫላም ባለበት ሁሉ፣ በሩ ይከፈታል። ጤና ጣቢያውም አለበት።

ቫርኪ "ታዲያ ማን ነው በሩን ከዘበኛው ያስቀደመው?" አለኝ።

ቤት ሄጄ አያለሁ አልኩት። በመንገድ ሁሉ የራዚያን ስም እየጠራሁ ነበር። ቁልፉን ይዛ ምን ትጠብቃለች? ይኸው!


ካርኪዳካም 7

በሩን ከዘበኛው ያስቀደመው መስመር የገባው በሚናም ወር ነው። የማን እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም።

አጥሚቱን ራሴ ጠይቄ ጠጣሁ።


ካርኪዳካም 8

የራዚያን የዚያን ጊዜ ጥያቄ ፈልጌ አነበብኩት። "ማሼ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዘበኛው ሳይቆም በሩ አይከፈትም?" ይላል። ከሥሩ መልስ የለም። ቀጥሎ ያለው ማስተካከያው መግባቱን የሚናገረው ማስታወቂያ ነው፤ ከዚያ ጭብጨባው።

ማስተካከያውን ጻፍኩ። ሦስት መስመር ናት። ዘበኛው ቦታው ላይ መቆሙን ሳያረጋግጥ በሩ አይከፈትም። ፍጥነቱም አይቀንስም፤ ሌላውን ሥራ ጎን ለጎን አስኬድኩት። እንዲህ የምታምር ሦስት መስመር በሕይወቴ አልጻፍኩም።

ለቱዛ ብቻ ባደርጋትስ? ብዬ አሰብኩ። ያን ጊዜ በዝናቡ የማይደፈር ቱዛ ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ማን ቁልፍ እንደሚገባው ይታያል። ግን ቱዛን የሚጠቀም የለም። የሚፈርምልኝም የለም። ጤና ጣቢያው ያለው ታንኳው ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ቀዳዳ በአደባባይ አይጮህበትም፤ ሌባም ይሰማል። ለራዚያ ብቻ ላክሁት፣ እንደ ማንኛውም የማታውቀው ሰው፣ በደንቡ።


ካርኪዳካም 9

ገና በማለዳው መልስ መጣ። ለማኅበራቱና ለጤና ጣቢያዎቹ ሁሉ ስልክ አስደውላለች፤ ማስተካከያው እስኪገባ መብራት በሄደ ቁጥር የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉ፣ ማሽኑ ተነስቶ ሲያበቃ መልሱ ተብለዋል። ጎበዝ ናት። ይህን ማንም አይክዳትም።

ማስተካከያዬን ግን መለሰችው! "ስለላኩልን እናመሰግናለን። 'ያረመው' የሚለው መስመር ጎድሏል።"

ይህም የእኔው ደንብ ነው። ስህተት የሚያርም ሁሉ ያረመው የትኛውን ማስተካከያ እንደሆነ፣ ያንን ያስገባው ማን እንደነበረ በአንድ መስመር ይጽፋል። ያለዚያ አይገባም። ወላጅ የሌለው ስህተት የለም ብዬ ነበር ያኔ የጻፍኩት። ጎበዝ ጸሐፊ ነበርኩ።

"ያረመው፦ የቆየ ስህተት" ብዬ መልሼ ላክሁ።

እንደገና መለሰችው።


ካርኪዳካም 10

ቫርኪ ደወለ። "ማሼ፣ እኔ የወተት ጸሐፊ ነኝ ወይስ ገመድ ነቃይ? ዛሬ ሲነቀል ሲተከል ውዬ ሚስቴ ለብርሃን ሳይሆን ለጨለማ ነው የምትኖረው አለችኝ።" ታገሥ አልኩት። "እርስዎ ምን ይጠብቃሉ?" አለኝ።

ማታ ራዚያ ራሷ ደወለች። ይህን እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

"ማሼ፣ ሥራዎ እንዴት ያምራል! ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ለባሌ ሁሉ አሳየሁት፤ እሱ ጥርስ ሐኪም ነው፣ ምንም አልገባውም።"

"ካማረሽ አስገቢዋ!"

"የቆየ ስህተት የሚባል ሰው አላውቅም።"

"ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። መስመሩንም ራሴ ሞልቼ አሁኑኑ ማስገባት እችላለሁ። እስከ ነገ ጠዋት ካልላኩልኝ አስገባዋለሁም፤ ሰው በዝናብ ገመድ ሲነቅል አይከርምም። ግን ያንን መስመር እኔ ከምጽፈው እርስዎ ቢጽፉት ይሻላል። ለእርስዎ ነው የሚሻለው።"

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ቁልፌን ለመውሰድ ሆስፒታል እስክገባ መጠበቅ ነበረባችሁ?"

"እኔ መች ፈለግኩ ማሼ! እትዬ ማዳቪ ናቸው እያለቀሱ የደወሉልኝ። 'ባለቤቴ ዜሮውን ስምንት እያሉ ነው የሚያነቡት፣ ለሐኪሙም ይዋሻሉ፣ አንድ ቀን ትልቅ ነገር አበላሽተው ሐዘኑ ይገድላቸዋል፣ እባክሽ እስኪድኑ ድረስ…'"

እዚህ ላይ አፏን ያዘች። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል።

"ማሼ? አልሰሙኝም አይደል?"

"ዝናቡ ነው" አልኳት። "ምንም አልሰማሁም።"

ስልኩን ዘጋሁ። ማዳቪ በወዲያኛው ክፍል ከሬድዮኗ ጋር ታንጎራጉራለች። ስንት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስታነብልኝ ኖራለች፤ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የአውቶቡሱን ቁጥር፣ የስልኩን ቁጥር። መነጽሬን ረስቼ ነው እላት ነበር። እሺ ትለኝ ነበር።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። "ያረመው፦" አልኩና የሚናሙን ማስተካከያ መለያ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ ስሜን፣ ሙሉውን፣ ከነአባቴ። ደህና አድርጎ ይነበባል። ላክሁት።


ካርኪዳካም 11

ፈርማበታለች! ገባ! ከቀትር በፊት የቫርኪ ማሽን አዲሱን ወሰደ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። መብራት እስኪሄድ ጠበቅን፤ ዛሬ ደግሞ አልሄድ አለ። በካርኪዳካም መብራት ሂድልን ብሎ የለመነ ከእኛ በቀር የለም። በመጨረሻ ሄደ፣ መጣ። መስመሮቹ ሮጡ። ዘበኛ ቆሟል። በር ተከፍቷል። በዚህ ተራ! ማራገቢያው እንደ ሕፃን ይተነፍሳል።

"ሌባውስ?" አለ ቫርኪ።

"ደጅ ዝናብ እየመታው ነው።"

"ይምታው የማን ልጅ!"


ካርኪዳካም 24

የቱዛን ሥራዎች አንድ በአንድ ለራዚያ እየላክሁ ነው። ግማሹን መለሰችብኝ። ይሄኛው ማብራሪያ ያንሰዋል፣ ያኛው ሁለት ነገር በአንድ አጭቋል ትላለች። ደሜ ይፈላል! አስተካክዬ እልካለሁ፣ እንደገና ትመልሳለች፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ይሻላል። እንዴት ያለ ደስ የሚል ንዴት ነው። የማላያላም ፋይል ስሞቹ ግን በመጀመሪያው አለፉ። ቱዛን ዘጋሁት። ባለ መቅዘፊያው ታንኳው ላይ ነው።

ራዚያ ቁልፍዎን እንመልስልዎ አለችኝ። መጀመሪያ አንድ ነገር እስክሠራ ቆዩ አልኳት። ማከማቻው ራሱ፣ ቁልፍ ያለውም ቢሆን፣ የራሱን ሥራ ራሱ ሊያስገባ ሲል እንዲከለክለው የሚያደርግ ማገጃ ጻፍኩ። ሰው ደንብ ይረሳል፤ ይቸኩላል፤ ዓይኑም ይደክማል። ራዚያ አንብባ ፈረመችበት። በማግስቱ ማገጃው መጀመሪያ የያዘው እሷን ነው! አንዲት የፊደል ግድፈት እርማት በራሷ ልታስገባ ስትል ይዟት በስልክ እየሳቀች ትጮኽብኛለች። "ማሼ፣ አንዲት ነጥብ እኮ ናት!" "ነጥብም ትነበባለች" አልኳት። ከዚያ በኋላ ቁልፌን ተቀበልኩ።


ቺንጋም፣ የኦናም በዓል ዋዜማ

አዲሱ ቫላም ዛሬ ወጣ። እንደ ልማዳችን ሁላችንም በቪዲዮ ተገናኘን። አንዱ ከትሪሱር፣ "ማሼ፣ ያ ቁልፍ የተወሰደብዎ ነገር ምን ነበር? የበሩስ ታሪክ እንዴት ነው? እስቲ ያውሩልን" አለ። ስለ በሩ ያለው ሁሉ በአንድ መስመር ተጽፏል፣ ማንበብ የሚችል ያንብበው አልኩት። ስለ ቁልፉ የሚወራ የለም አልኩት። ራዚያ ካሜራዋን አጠፋች።

ማዳቪ ግቢ ውስጥ የነገውን የአበባ ምንጣፍ ትደረድራለች። ቢጫው ቢጫ ነው፣ ሐምራዊው ሐምራዊ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ አበባ አቀበልኳት።

"ቁልፉን መለሱልዎ?" አለች፤ ቀና አላለችም።

"መለሱልኝ።"

"ለመሆኑ ያስወሰደብዎ ማን እንደሆነ አወቁ?"

እጇ ቆሞ ነበር። አየሁት። አሁን ሁሉ ነገር ይታየኛል።

"ያንን ነገር ማንም እንዳያነሳብኝ" አልኳት።

"እኔም?"

"አንቺም። ይልቅ ያንን ነጩን እዚህ አድርጊው፣ ክብሽ ጠሟል።"

"ዓይንዎ ዳነና መከራ መጣብኝ" አለች፤ አበባውን ግን ባልኳት ቦታ አኖረችው።

ሆድ ይፍጀው። ስለዚያ ቁልፍ፣ እሷ እስካለችም ሆነ እኔ እስካለሁ፣ ለሰውም ለዚህ ደብተርም ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም።